ከኮት በላይ የታጠቅኳት ቆጣሪ

ወፍራም ነበርኩ። ያኔ ውፍረት የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም የሚያስመሰግን ነበር። ሆሳዕና ውስጥ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቼ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ እዚያም አግዳሚ ወንበር ላይ ተጎልቼ አመሻለሁ። አብዮቱ እንደ እኔ ያስቀመጠው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቦርጬ ከቀበቶዬ አልፎ ሲወርድ ያየኝ ሁሉ «ተመችቶሃል! አምሮብሃል!» ይለኝ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ነገሩ በውሃ ጥም ጀመረ። ብጠጣ ብጠጣ አልረካ አልኩ። ቀጥሎ የግራ እግሬ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር። ባለቤቴ የአንጋጫ ልጅ ናት፤ የእሷ የቤት ቋንቋ ከምባትኛ፣ የእኔ ሀዲይኛ፣ የምንጨቃጨቀው በአማርኛ ነው። ያን ቀን ግን በሦስቱም ሰደበችኝና እየጎተተች የካቶሊክ ሚሲዮኑ ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ የሚያክሙት አንዲት ፈረንጅ መነኩሲት ነበሩ፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። መረመሩኝና «ስኳር ነው» አሉኝ።

«ከየት መጥቶ ሲስተር? የቀበሌው ሱቅ ስኳር ካከፋፈለ እኮ ስንት ወሩ!»

አልሳቁልኝም። «አባትህ በምን ሞተ?» አሉኝ።

አባቴን የገደለችው አውራ ጣቱ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ናት። አልድን አለች፣ ጠቆረች፣ ወደ ላይ ወጣች። መጀመሪያ እግሩን ወሰደች፣ ቀጥሎ እሱን። ሽታው እስካሁን ድረስ ካፍንጫዬ አልወጣም። ሲስተር ፊቴን አይተው መልሱን የተረዱት ይመስለኛል።

«መድኃኒቱ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም» አሉኝ። «እግርህ ግን የራስህ ነው። በየቀኑ፣ ሳታቋርጥ፣ ላብህ ጠብ እስኪል ትራመዳለህ። እምቢ ካልክ አባትህ የሄደበትን መንገድ ትሄዳለህ።»

ከዚያ ከመሳቢያቸው አንዲት ክብ፣ የምታብለጨልጭ ነገር አወጡ። የኪስ ሰዓት ታክላለች። ከኋላዋ መቆንጠጫ አላት፤ ቀበቶ ላይ ትሰካታለህ። በተራመድክ ቁጥር ውስጧ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ ላይዋ ላይ ያለው መርፌም ቀስ እያለ ይዞራል። እርምጃ ትቆጥራለች። «በየሳምንቱ ይዘሃት ትመጣለህ። አንተ ብትዋሽ እሷ ትነግረኛለች» አሉኝ። ቀበሌ እንኳን እንደዚህ ተቆጣጥሮኝ አያውቅም።

መቼ ልራመድ? ቀን ሥራ ነው፣ አመሻሽ ስብሰባ ነው፣ ሲጨልም ሰዓት እላፊ ነው፣ መንቀሳቀስ አይቻልም። የቀረኝ ማለዳ ብቻ ነው። ማለዳ ደግሞ፣ ከከተማው ሰው ሁሉ ተለይቶ፣ ለእኔ የማይሆን ሰዓት ነበር።

ምክንያቱም የእድራችን መርዶ ነጋሪ እኔ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ለቤተሰቡ ዝም ተብሎ አይነገርም። እድሩ ወሬውን ሰምቶ አፍኖ ይይዝና፣ ማለዳ ባለቤቶቹ ወደ ገበያ ሳይወጡ፣ ሦስት አራት ሽማግሌ ሆኖ ይሄዳል። ከፊት ቀድሞ የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ማንም መርጦ አልሾመኝም። ሀዲያ ቤት በሀዲይኛ፣ የጉራጌ ባለሱቆች ቤት በአማርኛ፣ ከምባታ ቤት ከሚስቴ በለቃቀምኳት ከምባትኛ እናገራለሁ። ድምፄም ዝግ ያለ ነው። አንዴ «እሱ ሲናገረው ይሻላል» ተባለ፣ በዚያው ቀረሁ። ድሮ በዓመት አንድ ሁለቴ ነበር። ጦርነቱ ሰሜን ላይ ሲበረታ፣ የዘመቱት ልጆች ወሬ በቀበሌ በኩል እየተንጠባጠበ ሲመጣ ግን ሥራው በዛብኝ።

አነጋገሩም ያው የተለመደ ነው። ገብተህ «ምንም የለም፣ ተረጋጉ፣ እስቲ ቁጭ በሉ» ብለህ ትጀምራለህ። እንዲያው ለማብረድ ነው። ግን ሁሉም ያውቀዋል። ማለዳ በር ላይ ቆሞ «ምንም የለም» የሚል ሰው ከመጣ ያለቀለት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሸራ ጫማዬን አጥብቄ፣ ቆጣሪዋን ቀበቶዬ ላይ ሰካሁ፣ ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። ከሰፈራችን ወደ ሀቢቾ መንገድ የሚያወጣው አንድ መተላለፊያ ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል ገደል ነው። መተላለፊያው ዳር እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤቴ ይኖራሉ። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱንም ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባቸው ሰሜን ነው። ከሄደ ወዲህ ቆስሎ በተመለሰ የዳምቦያ ልጅ በኩል አንዴ ሰላምታ ልኳል። ከዚያ በኋላ ድምፁም የለ።

እትዬ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ከጓሮ ብቅ ሲሉ እኔ ፊቴ ቀልቶ፣ እያለከለክሁ፣ በፍጥነት ወደሳቸው እመጣለሁ። ቅጠሉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄን!» አሉ።

ክው አልኩ። ሁለት እጄን ዘርግቼ ሮጥኩና «እትዬ፣ ምንም የለም! ይረጋጉ! ምንም የለም!» አልኳቸው።

አይ የእኔ ነገር! ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እትዬ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይደልቁ ጀመር። ጎረቤቱ ነጠላውን እየጎተተ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔ «ኧረ ለጤናዬ ነው! ስፖርት ነው!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ ማን ይስማኝ? አንዷ እንዲያውም «አይ ምስኪን፣ መናገር አቅቶት እኮ ነው የሚቀባጥረው» ብላ ለእኔ ጭምር አለቀሰችልኝ። ሲጨንቀኝ ኮቴን ገልጬ ቆጣሪዋን አሳየሁ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ የደረሰው ልክ በዚያን ሰዓት ነው። ያየው ለቅሶውን ሳይሆን የምታብለጨልጨውን ነገር ነበር፤ ክንዴን ይዞ ወደ ቀበሌ ወሰደኝ።

ሊቀመንበሩ ቆጣሪዋን አገላበጣት፣ ጆሮው ላይ አደረጋት። «ምንድን ናት?»

«እርምጃ ትቆጥራለች፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የማንን እርምጃ?»

«የራሴን።»

«ቆጥራ ለማን ነው የምትነግረው?»

«ለሲስተር» አልኩና ምላሴን ነከስኩ። አሁን ጉድ ፈላ፣ ለፈረንጅ ሰላይ ነው ሊለኝ ነው አልኩ በልቤ። ደግነቱ ሰውየው ራሱ ጓጉቷል። ቀበቶው ላይ ሰክቶ ቢሮው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደ፣ መርፌዋ ስትንቀሳቀስ አይቶ ጥርሱ ተገለጠ። «ለጤና ከሆነ ለምን በቀን አትራመድም?» አለኝ። «በቀን እርስዎ ለስብሰባ ይፈልጉኛል» አልኩት። ትንሽ አየኝና ቆጣሪዬን መልሶ ሰጠኝ።

ከቀበሌ በሰላም ወጣሁ፤ ከእትዬ ግን አልወጣሁም። ጎረቤት ተሰብስቦ ልጁ ደህና መሆኑን፣ ቢያንስ ምንም ወሬ አለመምጣቱን፣ ምሎ ተገዝቶ ካሳመናቸው በኋላ እንኳን ከአልጋ ሳይነሱ ሰነበቱ። ገበያ ቀሩ። ሚስቴ ልትጠይቃቸው ሄዳ ስትመለስ «ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አያነሱም» አለችኝ። አንጀቴን በላኝ። ገደሉን ዞሬ ወደ አንጋጫ በር በኩል ልሂድ ብዬ አሰብኩ። ግን እዚያስ? እዚያም ያው ነው። በየትኛውም መንገድ ብሄድ ልጇን የላከች እናት አለች፣ ሁሉም ደግሞ ፊቴን ያውቁታል። ቆጣሪዋን ሳጥን ላይ አስቀመጥኳትና መራመዱን ተውኩት።

ሸራ ጫማው ያን አንድ ቀን ተረከዜን ልጦኝ ነበር። ትንሽ ነገር ናት፣ የባቄላ ፍሬ አታክልም። አልድን አለች። ሚስቴ በየቀኑ በጨው ውሃ እያጠበችልኝ ዝም ትላለች፤ እሷ ዝም ስትል ነው የምፈራው። ሲስተር ዘንድ ስሄድ መርፌዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ምክንያቴን ሁሉ ሰሙኝ። «ለጎረቤትህ ብለህ እግርህን ልታስቆርጥ ነው?» አሉኝ። ደሜ ፈላ። በሲስተርም፣ በእትዬም፣ በጦርነቱም፣ ይህን ሥራ ጫንቃዬ ላይ በጫነው እድርም ተናደድኩ። ከምንም በላይ ግን ፈራሁ። ማታ ማታ እግሬን እያሸተትኩ ነበር የምተኛው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ራሳቸው ቤታችን መጡ። ከስተዋል። ወንበር ላይ ሳይቀመጡ «እግርህን አሳየኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ሚስትህ ነገረችኝ። እኔን ፈርተህ ነው የምትሞተው?»

«እትዬ፣ እርስዎን እንዴት አድርጌ ላስደነግጥ…»

«ዝም በል። በእኔ የተነሳ ሚስትህ እንደኔ ብቻዋን ትቅር? ስማኝ። ያቺን የምታብለጨልጨውን ነገር ኮትህ ውስጥ አትደብቃት። ከኮትህ በላይ ታጠቃት፣ ከሩቅ እንዳያት። እሷን ካየኋት ለእግርህ መጣህ ማለት ነው፤ እኔም ሥራዬን እሠራለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያኛው ጉዳይ የምትመጣ ቀን ግን እንዳታደርጋት። እሷን ታጥቀህ ገብተህ እንዳታታልለኝ። ማልልኝ።»

ሚስቴ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። እኔም ማልኩላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበቶዬን ከኮቴ በላይ እየታጠቅሁ መውጣት ጀመርኩ። ሚስቴ «ሚሊሺያ መሰልክ፣ ጠመንጃ ብቻ ነው የቀረህ» እያለች ትስቅብኛለች። መጀመሪያ ሰሞን እትዬ በራቸው ላይ ቆመው ወገቤን እስኪያዩ ድረስ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር፤ እኔም እሳቸው እስኪተነፍሱ አልተነፍስም። ክረምት ሲገባ ጉም ይወርድና ከዓይን የራቀ ነገር አይታይም፤ ያኔ ቆጣሪዋን ከቀበቶዬ ነቅዬ ከፍ አድርጌ ይዣት አልፋለሁ። ቀስ በቀስ ለመዱኝ። ሰፈሩም ለመደኝ። ሌሎቹም እናቶች መጀመሪያ የሚያዩት ወገቤን ሆነ።

ቁስሉ ጠገገ። ቦርጬ ጎደለ። ከተማው ግን አልወደደልኝም። «ምነው ጠፋህ? ምን ነካህ?» ይለኛል ያገኘኝ ሁሉ፤ አንዱ ባለሱቅ እንዲያውም ጆሮዬ ድረስ ተጠግቶ «አስረውህ ነበር እንዴ?» ብሎኛል። ሲስተር ብቻ መርፌዋን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ቀን እትዬ አስቆሙኝና «እስካሁን የሄድከው ቢደመር የት ያደርሳል?» አሉኝ። ቢሮ ግድግዳ ላይ ካርታ ነበረን። በማግስቱ «ቡታጅራን አልፌያለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። ካወቅኳቸው ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። «በል እንግዲህ፣ ልጄ ጋ ድረስልኝ» አሉኝ።

ልጁ የት እንዳለ ማን ያውቃል? ብቻ ሰሜን ነው። መቀሌ ነው እንበል ተባባልን። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሰላምታቸው «ዛሬስ የት ደረስክልኝ?» ሆነ። አዲስ አበባ ስደርስ «ከተማ ነው፣ ኪስህን ጠብቅ» አሉኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ስሆን «እዚያማ ብርድ ነው ይላሉ፣ ደርበህ ሂድ» አሉኝ። ደሴ ገባሁ ያልኳቸው ቀን ደግሞ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለች ቅቤ ይዘው ጠበቁኝ። «ባዶ እጅህን ልትደርስበት ነው እንዴ? ለሱ ነው። እስክትደርስ እንዳይበላሽ ግን አንተ ብላው» አሉ። ቀልድ ነበር። ቅቤዋን ለሚስቴ ስሰጣት ግን ሁለታችንም አልሳቅንም።

ወልዲያ ስደርስ አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። ከወልዲያ በኋላ መቀሌ ሩቅ አይደለም። ደርሼ ምን ልላቸው ነው? ልጅዎ ደህና ነው ልበል? የማላውቀውን? አላገኘሁትም ልበል? እግሬ እንደ ልቡ ይሄዳል፣ መርፌዋም ትዞራለች፤ እኔ ግን ለእትዬ «ገና ወልዲያ ነኝ» እላለሁ። «ምነው ወልዲያ ላይ ሰነበትክ?» ሲሉኝ «ዳገቱ አስቸገረኝ እትዬ» እላቸዋለሁ። «ቀስ በል፣ ምን ያጣድፍሃል» ይሉኛል። እሳቸውም እንድደርስ የፈለጉ አይመስለኝም።

የእድሩ ዳኛ ቢሮዬ ድረስ መጥተው አያውቁም። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ሲቆሙ፣ ገና ሳይናገሩ ገባኝ። ወሬው በቀበሌ በኩል ነው የመጣው። የእትዬ ልጅ ነው። የት እንደሆነ እንኳን በቅጡ አልተነገረንም።

«ሌላ ሰው ይግባ» አልኳቸው። «እባክዎን አባቴ፣ ይህን አንዱን ተዉኝ።»

«ማን ይግባ? ንገረኝና እልከዋለሁ» አሉኝ። ሽማግሌው አጠገቤ ቁጭ አሉና እንደ ልጅ ትከሻዬን ያዙኝ። «ከሌላ ሰው አፍ ብትሰማው ነገ በደጃፏ እንዴት ታልፋለህ?» አሉኝ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሳሁ። ኮቴን ለበስኩ። ቆጣሪዋ ጠረጴዛው ላይ ናት። እስከ በሩ ድረስ ብቻ ባደርጋትስ አልኩ። ሲያዩኝ እንደ ትናንቱ ፈገግ ይበሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ አወልቃታለሁ። እጄን ዘረጋሁ። ሚስቴ ቀድማኝ አነሳቻትና ሙዳይ ውስጥ ከተተቻት። «ምለህላቸዋል» አለችኝ። እያለቀሰች ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ መታጠፊያው ላይ ቆዩ። ብቻዬን ወረድኩ። ቀስ ብዬ ልራመድ ሞከርኩ፤ እግሬ ግን የለመደውን ያውቃል፣ ይፈጥናል። እትዬ በራቸው ላይ ቅቤ የሚያስቀምጡበትን ቅል እያጠቡ ነበር። የእግሬን ኮቴ ሰምተው ቀና ሳይሉ «ዛሬስ የት ደረስክልኝ?» አሉ።

መልስ ሲያጡ ቀና አሉ። ዓይናቸው እንደ ልማዱ ወገቤ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቆየ።

«ረስተሃት ነው» አሉኝ። «ረስተሃት ነው፣ አይደል? ሰው ይረሳል እኮ። ተመለስና አምጣት። ሂድ፣ እዚሁ እጠብቅሃለሁ።»

አልተንቀሳቀስኩም። ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ትናንት ገና ወልዲያ ነኝ አላልከኝም? ገና አልደረስክም እኮ!»

«ምንም የለም፣ ይረጋጉ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ስንት ቤት ብየዋለሁ። አልወጣልኝ አለ። ከኋላዬ የሽማግሌዎቹ እርምጃ ይሰማኛል።

«አልረሳኋትም፣ እትዬ» አልኳቸው።